ሳሎኑን ከመሣሪያዎቹ ጋር መካፈል፦ እየሠራሁ የጻፍኩት

ቅዳሜ ጠዋት

ከዛሬ ጀምሮ ቤቱን እንደ አዲስ ላደራጅ ነው። ዓላማው አንድ ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ሳይሰነጠቁና ሳይሻግቱ፣ እኛም ሶፋ ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ኬዝ ማንሳት ሳይጠበቅብን አብረን መኖር። ኮሌክሽን ሲባል ሰው የሚመጣለት መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ከላይ መብራት የበራለት ነገር ነው፣ የኛ ቤት እንደዛ አይደለም፣ ኮንጋ ከበሮው ላይ የልብስ ቅርጫት ተቀምጧል፣ አልጋው ስር ቫዮሊኖች አሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ደሞ በጎን ካልሄድክ የጊታር መቃኛ ጆሮህን ይልጥሃል። ባለቤቴ "አንዱን ሽጥና ቁም ሳጥን ግዛበት" ስትል ከርማ አሁን "እሺ ይኑሩ፣ ግን ይሰብሰቡ" ወደሚለው መጥታለች፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ብዬ ነው ቶሎ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ቆጠራ። ሁሉንም አውጥቼ ወለል ላይ ደረደርኩ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ኤክሴል ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በምን ልከፋፍላቸው ብዬ ትንሽ ቆዘምኩና የሙዚየም ሰዎች የሚጠቀሙበትን ወሰድኩ፣ ኤሪክ ፎን ሆርንቦስቴልና ኩርት ዛክስ እ.ኤ.አ. በ1914 ያወጡት ነው፣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው በቃ፦ ድምፁን የሚያወጣው የሚንቀጠቀጠው ነገር ምንድነው? ራሱ አካሉ ከሆነ (ጸናጽል፣ ደወል፣ ዛይሎፎን) 1፣ የተወጠረ ቆዳ ከሆነ 2፣ ክር ከሆነ 3፣ አየር ከሆነ 4፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በኋላ ተጨምረው 5። ከዛ ውስጥ ውስጡን ይከፋፈላል። ክራሩ 321.21 ሆነ፣ በገናው 321.22፣ የሚለያዩት የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፣ አንዱ ገላው ጎድጓዳ ገበቴ ስለሆነ ሌላው ሳጥን ስለሆነ። እንዲህ ዓይነት ነገር ደስ ይለኛል ምን ላድርግ።

ግን ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩ መሣሪያው ምን እንደሚፈራም ይነግርሃል። 2 እና 3 ያሉት ማለትም ቆዳና ክር ያለባቸው በሙሉ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፣ አየሩን፣ እንጨቱና ቆዳው ከአየሩ እርጥበት እየጠጣና እየመለሰ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከመደርደሪያ በፊት አየር፣ ይሄን ሳላውቅ ሚስማር አልመታም ብያለሁ።

እሁድ

የእርጥበት መለኪያዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ 48 ፐርሰንት ይላል፣ አንዱ 44፣ ሦስተኛው 55። አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው እኮ! ማንን ልመን?

መፍትሔው ጨው ነው። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ትሞላለህ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል ጣል ታደርግበታለህ፣ መራስ አለበት ግን መሟሟት የለበትም፣ ውሃ ከተኛበት አበዛኸው ማለት ነው። ክዳኑንና መለኪያውን ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሳይነካኩ ታስቀምጥና ጥርቅም አድርገህ ትዘጋለህ፣ አንድ ቀን ሙሉ ትተወዋለህ። እንዲህ የራሰ ጨው በተዘጋ ቦታ፣ በተለመደው የቤት ሙቀት፣ አየሩን 75 ፐርሰንት ላይ ነው የሚይዘው፣ ሌላ ቁጥር ካነበብክ የተሳሳተው መለኪያው ነው። ከረጢቶቹን መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አድርጌ "አይነካም" ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፣ ትንሿ ልጄ ስታየው "አባዬ መድኃኒት ነው?" አለችኝ፣ አዎ የጊታር መድኃኒት ነው አልኳት፣ ብዙም አልዋሸሁም።

ሰኞ ማታ

75፣ 71፣ 82። የመጀመሪያው ሳሎን ይገባል። 71 ያለው ላይ "+4" የሚል ስቲከር ለጥፌ መኝታ ቤት ላክሁት። 82 ያለው 75 ላይ 7 ከሳተ 45 ላይ ስንት እንደሚስት ዋስትና የለውም፣ ቁጥሩን ለማመን ሳይሆን ከፍ አለ ዝቅ አለ ለማየት ብቻ መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ሰቅዬዋለሁ።

ሐሙስ

ቁጥር እየጻፍኩ ነው የሰነበትኩት፣ ጠዋት፣ ማታ፣ ሰው ሻወር ከወሰደ በኋላ፣ ምግብ ሲበስል። የምፈልገው ከ40 እስከ 60 ውስጥ ነው፣ ለጊታሮቹ ደሞ ከ45 እስከ 55 ቢሆን እሰየው። ሳሎኑ ወደ ውስጥ ባለው ግድግዳ በኩል ቆንጆ ነው፣ 47፣ 50፣ 49። ኮሪደሩ ግን የመታጠቢያ ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ወደ 70 ይዘላል፣ ከዛ ይወርዳል፣ ጊታሮቹ የተሰለፉት ደሞ እዛው ነበር።

ሰው ብዙ ጊዜ "ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ ነው የሚጎዳው" ይላል፣ ሁለቱም ነው፣ ከሁለቱም የባሰው ደሞ ቶሎ ቶሎ መቀያየሩ ነው። እንጨት ሲደርቅ የሚጠበው በወርዱ ነው፣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። የጊታር ፊት ደሞ ስስ ጣውላ ሆኖ ከውስጥ በኩል አግድም በተለጠፉ ማጠናከሪያዎች ተይዟል፣ ፊቱ ልጥበብ ሲል ማጠናከሪያው አልለቅህም ይለዋል፣ ከዛ ጧ! ይሰነጠቃል። ከመሰንጠቁ በፊት ግን ይነግርሃል። አሮጌውን ክላሲክ ጊታር አንስቼ መዳፌን ባንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳብ አደረግኩት፣ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ አግድም የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ይቧጥጣል፣ አዲስ እያለ ሙልጭ ያለ ነበር። ብረቱ አላደገም፣ ሥሩ ያለው እንጨት ነው ጠቦ ብረቱን ያስወጣው። ይሄ ጊታር የኖረው መስኮቱ ስር ሂተሩ አጠገብ ነው፣ ምስክር አያስፈልግም።

እርጥበቱ ሲበዛ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ፊቱ ያብጣል፣ ክሩ ከጣት ሰሌዳው ይርቃል፣ ለመጫን ጣትህን ያቃጥልሃል፣ ከ65 በላይ ቆይቶ ከሰነበተ ሻጋታ ይጀምራል። ቫዮሊኖቹ የተጣበቁት ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ኮላ ነው፣ ይሄ ኮላ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። አንዳንዱ ሰው ጥራት የጎደለው ይመስለዋል፣ ሆን ተብሎ ነው እንጂ፣ ጭንቅ ሲመጣ እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ስፌቱ ይለቃል፣ ጠጋኙም ሳይሰብር ይከፍተዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቫዮሊን መተው ግን ኮላውን ራሱ ና ልቀቅ ማለት ነው።

ክራሩ ከሁሉም መለኪያ ይበልጣል። ማታ ቃኝቼው ኮሪደር ላይ ተውኩት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሻወር ከወሰደ በኋላ ስነካው ቅኝቱ ወርዷል፣ ቆዳው ረግቦ ብርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) ዝቅ ብሏል። ሳሎን ወስጄው ሲደርቅ ተመልሶ ወጣ። ባትሪ የማይፈልግ መለኪያ ነው።

ቅዳሜ

ግድግዳ። ውሳኔው ቁጥሩ ከነገረኝ በኋላ ቀላል ነበር፣ የሚሰቀለው ሁሉ ሳሎን ውስጥ፣ ወደ ውጭ በማያይ ግድግዳ ላይ። ወደ ውጭ የሚያየው ማታ ይቀዘቅዛል ቀን ይሞቃል፣ የመሣሪያው ጀርባ አንድ አየር ፊቱ ሌላ አየር ይሆንበታል። የመስኮት ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘውንም ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሰርዣለሁ፣ ቫርኒሽ በፀሐይ ይነጣል፣ የነጣው ደሞ አይመለስም።

አኩስቲክ ጊታር ሁለት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከባድ እንጨት ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ከአራት ኪሎ ይበልጣል። ብሎኬቱ ላይ በትራፓኖ በስቼ ፊሸር ከትቼ በረጅም ብሎን አሰርኩ፣ ጂብሰም ቦርድ በሆነው በኩል ግን ከጀርባ ያለውን ቋሚ ሳላገኝ አንድም አልበሳሁም፣ ጂብሰም ብቻውን የያዘው ጊታር አንድ ቀን ሌሊት ተነስቶ ይወርዳል፣ የሚወርደው ደሞ ከስሩ ባለው ጊታር ላይ ነው። ካሰርኩ በኋላ መስቀያውን በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ሞከርኩት፣ ባለቤቴ "አንተ እዛ ላይ ልትኖር ነው?" አለችኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልናገር። የቆዩና ውድ የሆኑ አንዳንድ ጊታሮች ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ላኬር ነው የተቀቡት፣ ይሄ ቀለም ከላስቲክና ከቪኒል ጋር ለረጅም ጊዜ ከተነካካ ይለሰልሳል፣ ይበላል፣ ጎማው ራሱ ተጣብቆበት ይቀራል። ብዙ መስቀያና ስታንድ ደሞ ጎማ ነው የለበሰው። ስለዚህ ሁሉንም መስቀያ በጥጥ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ከአሮጌ ካናቴራ። አያምርም፣ ይሠራል።

ዋሽንቶቹ አግድም መደርደሪያ ላይ ተኙ። ከበሮው ወለል ላይ፣ ግን እግር አበጅቼለት።

እሁድ

ፒያኖው። ሁለት መቶ ኪሎ ይበልጣል፣ ክብደቱ የመጣው በዋነኛነት ከብረት ፍሬሙ ነው፣ ውስጡ 230 ገደማ ክር አለ፣ የሁሉም ውጥረት ተደምሮ ወደ 18 ቶን ይጠጋል፣ ያንን እንጨት ብቻውን አይችለውም። ፒያኖን የፈጠረው የክሪስቶፎሪ የመጀመሪያዎቹ ፒያኖዎች ብረት ፍሬም የላቸውም፣ ክራቸው ቀጭን ድምፃቸውም ለስላሳ ነው፣ ከቀሩት ውስጥ እጅግ አሮጌው፣ እ.ኤ.አ. የ1720ው፣ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አለ። የሱን ቢሆን እኔና ወንድሜ ብቻችንን ባነሳነው ነበር።

ለዚህኛው ሰው ጠራን። ትንንሾቹ እግር ጎማዎች ለጌጥ ናቸው፣ እነሱን አምኖ ወለል ላይ መጎተት ወለሉንም እግሩንም ያጠፋል፣ ባለ ጎማ ጠፍጣፋ ጋሪ ላይ ነው የሚጫነው። ከመስኮቱ አጠገብ አንስተን የውስጠኛው ግድግዳ ጋ አቆምነው፣ ከጀርባው አየር እንዲያልፍ ትንሽ ክፍተት ትቼለታለሁ። ላዩ ላይ የነበረው የአበባ ማሰሮ ተሰናብቷል፣ ባለቤቴ ቅር ብሏታል፣ ግን ውሃ ያለበት ነገር ፒያኖ ላይ አይቀመጥም፣ እዚህ ላይ አልደራደርም። ቃኚው ወዲያው ልምጣ ሲል አይ አልኩት፣ አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ፣ አሁን ቢቃኝ እንጨቱ ከአዲሱ ቦታ አየር ጋ ሲስማማ ቅኝቱ ተመልሶ ይሄዳል።

እሁድ ማታ

አሁን ሁሉም አንድ ክፍል ስለሆነ አዲስ ችግር መጣ፣ መነጫነጭ። ወንድ ልጄ ፒያኖው ላይ ወፈር ያለ ድምፅ ሲነካ የሆነ ቦታ "ዝዝዝ" ይላል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ስኔር ከበሮው ነበር፣ ከስሩ የተወጠረው የሽቦ መረብ ማንም ሲያስነጥስ መልስ ይሰጣል፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ማንሻ ዝቅ አድርጌ አላቀቅኩት። ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ያው የተወጠረ ክር ሁሉ የራሱ ድምፅ አለው፣ ያንን ድምፅ ሌላው ሲያወጣ ማንም ሳይነካው አብሮ ይንቀጠቀጣል። የጊታሩ አምስተኛ ክር 110 ኸርዝ ነው፣ ፒያኖው ላይ ያንኑ ድምፅ ምታና ፒያኖውን በእጅህ አፍን፣ ግድግዳው ላይ ያለው ጊታር ሲዘፍን ትሰማዋለህ። ይሄ ጉዳት የለውም፣ እኔማ ደስ ይለኛል፣ የማይፈለግ ጊዜ ቀጭን ጨርቅ በክሮቹ መሀል አሳልፎ ዝም ማሰኘት ይቻላል። ዝዝዝ ግን ሌላ ነው፣ ዝዝዝ የላላ ነገር ነው። በገናውን ጠረጠርኩ፣ እሱ እንኳን ሥራው ነው፣ እንዝራዎቹ (ትንንሾቹ የቆዳ ቁራጮች) በክሩና በብርኩማው መሀል የገቡት ሆን ብለው እንዲነዝሩ ነው፣ ያለነሱ በገና በገና አይሆንም። እንዝራዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ አወጣኋቸው፣ ዝዝዙ እንዳለ ነው።

ከዛ በስርዓት ሄድን። ልጄ ስልኩ ላይ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ከፍቶ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ክፍሉን እየዞርኩ አንድ አንዱን በመዳፌ እይዛለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝዝዝ፣ "ቁም! እዛው ቆይ!" አልኩት። ጊታሮቹን ያዝኩ፣ የለም። አኮርዲዮኑን፣ የለም። የኮንጋውን ብሎን፣ የለም። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ስደግፍ ቆመ። ወንጀለኛው የሠርጋችን ፎቶ ነው፣ መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ላልቷል። ባለቤቴ እስካሁን ትስቃለች፣ እኔ ወረቀት አጥፌ ሸጎጥኩበት፣ ዝም አለ።

ረቡዕ

መጥፎ ቀን። አልጋ ስር ከነበሩት ቫዮሊኖች የአንዱን ኬዝ ስከፍት የደጋኑ ጭራ ተርገፍግፎ አገኘሁት። ስላረጀ የሚበጠስ ጭራ እዚህም እዚያም ነው የሚበጠሰው፣ ይሄ ግን አንድ በኩል ተሰብስቦ ተቆርጧል፣ ጨርቁ ላይ ደሞ ቡናማ፣ ቀላል፣ ፀጉራም ቅርፊቶች አሉ፣ በጥፍር ስነካቸው ባዶ ናቸው። የምንጣፍ ጥንዚዛ እጭ ነው፣ የተወው ቆዳ። ጭራ፣ ሱፍ፣ ቆዳ፣ ላባ ይበላል፣ የሚወደው ደሞ ጨለማና ሰው የማይነካው ቦታ ነው፣ የተዘጋ ኬዝ ማለት ነው።

አስቡት፣ የመሲንቆው ክርም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። የክራሩ ፊት ቆዳ ነው። የፒያኖው መዶሻዎች የለበሱት የተጠቀጠቀ ሱፍ ነው። ለዚህ እጭ ሳሎናችን ድግስ ነው።

ያደረግኩት፦ ኬዙን በቫኪውም ስፌቱንና ጥጉን ሳይቀር መጥረግ፣ ከፍቶ ብርሃንና አየር ላይ ማዋል፣ የተበላውን ጭራ ቆርጦ መጣል (ደጋኑ እንደ አዲስ ይጨረራል)፣ ኬዙ ውስጥ የነበረውን የሱፍ መሸፈኛ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ ፍሪዘር። ሙዚየሞች የሱፍና የጨርቅ ዕቃን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ለሳምንት ከዛም በላይ ያቆያሉ፣ የቤት ፍሪዘር እዛው አካባቢ ነው። ቫዮሊኑን ራሱን ፍሪዘር እንዳታስገቡ፣ ለሱ ቫኪውምና ብርሃን ይበቃዋል። ባለቤቴ ፍሪዘሩን ከፍታ የታሸገውን ጨርቅ ስታይ ምንም አላለችም፣ አየችኝ ብቻ፣ ከፍታ እንደነበረ ዘጋችው።

ሁሉም ኬዝ ከአልጋ ስር ወጥቷል። በየጊዜው የማይከፈት ኬዝ እዚህ ቤት አይኖርም።

ቅዳሜ

ቶሎ ቶሎ የጨረስኳቸው፦ አኮርዲዮኑ በእግሮቹ ላይ ቆሞ፣ መንፊያው በማሰሪያው ተዘግቶ፣ ከሙቀት ርቆ ተቀመጠ፣ ውስጥ ያሉት የድምፅ ምላሶች የተያዙት በሰምና ሙጫ ስለሆነ ሙቀት ካገኘው ይወልቃሉ። ትራምፔቱ በላብ ጨው እንዳይበላ በጨርቅ ተወለወለ፣ ፒስተኖቹ ዘይት አገኙ፣ አፉ ላይ የሚገባው ቁራጭ ተነቅሎ ለብቻው ተቀመጠ፣ ሰክቶ መተው ነው የሚያጣብቀው። ሳክስፎኑ ላይ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ፓዶች እየተጣበቁ ስለነበር ስራቸው ስስ ወረቀት አስገብቼ እርጥበቱን አስመጠጥኩ። የደጋኖቹ ጭራ ሁሉ ላልቶ ነው የሚያድረው።

ወረቀቶቹንም አንድ ፋይል አደረግኩ። ጊታር የሚሠራበት የብራዚል ሮዝውድ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሳይትስ (ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ የሚገዛበት ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ነው፣ የዝሆን ጥርስ ቁልፍ ያለው አሮጌ ፒያኖም እንደዛው ጣጣ አለው። ቤት ውስጥ እስካለ ማንም አይጠይቅህም፣ ድንበር ሊሻገር ወይ ሊሸጥ ነው ያልክ ቀን ግን መቼ ተሠራ፣ መቼ ገዛህ ይመጣል። ደረሰኝና ፎቶ አሁን ማስቀመጥ ነው።

እሁድ ከሰዓት

ሳሎኑ ውስጥ ሰው መቀመጥ ጀምሯል። የሚገርመው አሁን የምንጨቃጨቀው የቱ ውጭ ይቀመጥ የቱ ኬዝ ይግባ በሚለው ነው፣ ልጆቹ ሁሉም ይሰቀል ይላሉ። እኔ ያወጣሁት ሕግ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ የሚገባው በዚህ ወር የሚነካው ብቻ ነው፣ በወሩ መጨረሻ ይፈራረቃል። የተጫወቱበት እንጨት ድምፁ ይከፈታል የሚለውን ክርክር ለሚወዱት ትቻለሁ፣ መጫወት የሚጠቅመው አንድ ሰው በየጊዜው መሣሪያውን አንስቶ ስለሚያየው ነው፣ የላላ መቃኛ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ የተበላ ጭራ የሚታየው ያኔ ነው። ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ፓጋኒኒ እ.ኤ.አ. በ1840 ሲሞት "መድፉ" የሚባለውን የ1743 ቫዮሊኑን ለጄኖቫ ከተማ ነው የተወው፣ ከተማዋ በጥብቅ ትጠብቀዋለች፣ ግን እየተመረጡ ተጫዋቾች ይጫወቱበታል። ለሱ ከተፈቀደ የኔ ትራምፔት ምን ሆነች ብላ ትዘጋ?

የቀረው በገናው ነው። ከአንድ ሜትር ይረዝማል፣ ለመስቀል ቀንበሩ ላይ ማንጠልጠል አልፈልግም፣ ክብደቱ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይወድቃል፣ መደገፍ አለበት፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ፣ ከስሩ ሰፋ ያለ ማቆሚያ ኖሮት። ጥሩ አየር ያለው ጥግ ሶፋው ያለበት ነው፣ 48 እና 50 መሀል ሲመላለስ ነው የሰነበተው። ሶፋውን ወደ መስኮቱ በኩል ትንሽ ብገፋው ይገባል። ባለቤቴን ጠይቄአታለሁ፣ "ስንት ነው ትንሽ?" አለችኝ፣ ሜትሩን ፍለጋ እየሄድኩ ነው።